የዳለቻ ዓይኖች

ጂንካ፣ መስከረም 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈለቀ፣

የምትበላው የሚስማማህ፣ የምትማረው የሚገባህ፣ የዚያ አገር ብርድም የሚራራልህ ይሁን። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ጌታ ይመስገን። ባለሱቁ ኸይሩ ሰላም ብሎሃል። ሾፌራችን ሶርሳም ሰላም ብሎሃል፤ ሰላምታውን ሲልክ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ስለነበር ከእግሩ በቀር አላየሁትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዳለቻ ዓይኑ ጠፍቷል። አጎትህ ንጉሤ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያንን ላንድሮቨር ከሚሲዮኖቹ ገዝቶ በግራጫ ቀለሙ ዳለቻ ብሎ እንደ በሬ ስም ያወጣለት ጊዜ፣ መብራቱ ሲበራ የአውሮፕላን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያሳይ ነበር። አንተም ትዝ ሳይልህ አይቀርም፤ ሜዳው ላይ ያደሩትን ላሞች ትቆጥርበት ነበር። ዛሬ መብራቱ በርቶ እንደሆነ ለማወቅ ሶርሳ ወርዶ በእጁ ይዳብሳል። ከሞቀ በርቷል ማለት ነው።

ከፊት ያለው መስታወት በጠጠር ተፈነካክቷል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ደግሞ ውኃና አቧራ ገብቶበት እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አምፖል ቀየርን፣ ሽቦ ቀየርን፣ ባትሪውን አርባ ምንጭ ድረስ ልከን አስሞላን። ምንም ለውጥ የለም።

ለምን እንደምቸኩል ልንገርህ። እህትህ ሣራ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ለሚያዝያ መጨረሻ ነው የሚሉት፤ ሚያዝያ ደግሞ ዝናብ ነው። እሷና ባሏ ኤርጎ አሁንም ዲመካ ነው የሚያስተምሩት። ቀደም ብለሽ ጂንካ ግቢ ስላት፣ ለፋሲካ ትምህርት ሳይዘጋ ተማሪዎቼን ጥዬ አልመጣም ትላለች። ምጥ ቢመጣ ሐኪም ያለው እዚህ ጂንካ ነው። ሌሎቹ መኪኖች የመንግሥት ናቸው፤ ለመውጣት ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ማህተም፣ ለማህተሙ ባለማህተሙ ያስፈልጋል። ምጥ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ስለዚህ በጨለማ የሚሄድ መኪና እፈልጋለሁ።

ገንዘብ አትላክልኝ፣ ልብስም አትላክልኝ። ባለፈው የላክኸው የግድግዳ ሰዓት ይኸው አገር ሙሉ ሰው ይጠቅማል፤ መንገደኛው ሁሉ እየገባ ነው የሚያየው። መብራት ብቻ ላክልኝ። ቶሎ በል፣ የኔ ልጅ።

አክስትህ ያለምወርቅ

---

ድሬስደን፣ ጥቅምት 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

እናትም አባትም ለሆኑኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ ያለምወርቅ፣

በያላችሁበት ሰላምና ጤና ይክበባችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ነው የምውለው። እዚህ ማደሪያ ቤት የልብሳችን አንገት ውስጥ ስማችን በክር ይሰፋል፤ አለዚያ ልብስ አጣቢዋ ሴትዮ የአንዱን ለአንዱ እየሰጠች ታባላናለች። ስለዚህ ፈለቀ ፈለቀ የሚሉ ሦስት ሹራቦች አሉኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ አይጠይቁኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አገር ትራክተር ስጠግን ኖሬ ዛሬ የቤቴን መኪና ልጠግን ነው። ወረቀቱን እንደያዝሁ ሮጬ ወደ ዎርክሾፕ ሄድሁና ለሽማግሌው መምህሬ ለኩርት ተረጎምሁለት። ሶርሳ በእጁ ይዳብሳል የሚለው ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ግን ኮስተር ብሎ ብዙ ነገር ነገረኝ፤ እኔም እነግርዎታለሁ።

አንደኛ ነገር፣ አደራ፣ ጎድጓዳውን መስታወት ማንም እንዳይነካው። ብረቱ ላይ የተቀባው እንደ ብር ያለ ነገር ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ ነው። በጣት እንኳ ከነኩት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ አይመለስም። አቧራውን በአፍ እፍ ማለት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከዚያ የፊተኛውን መስታወት ስፋት ልክ ይላኩልኝ። ልኩ ካለኝ ከሌላ መኪና የሚገጥም እፈልጋለሁ። የአንዱ መኪና ክብ ለሌላው ብዙ ጊዜ ይሆናል።

ስለ ሣራ ደስ ብሎኛል። ኤርጎን ግን እንኳን ደስ ያለህ፣ ትንሽ ተንፈስ በል በሉልኝ፤ የመጀመሪያው ገና ዓመት አልሞላውም። ለመሆኑ የእህቴን ልጅ ስሙን ማን አላችሁት? ወንድ ነው ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ብጠይቅ መልስ የለም። ይድሃል? ጥርስ አወጣ? ስሙን ካልነገራችሁኝ እኔው አወጣለሁ፤ በኋላ እንዳትቆጡ።

ልጅዎ ፈለቀ

---

ጂንካ፣ ኅዳር 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈለቀ፣

ሰላምታዬ እንደ እናት እቅፍ ይሙቅህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ከትናንት በስቲያ ነው። ሜዳው በዝናብ ጨቅይቶ አውሮፕላኑ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከላይ እያንዣበበ ይመለስ ነበር። ፖስታውን በሰማይ እያየን በምድር አጣነው።

ዘግይቶ መምጣቱ ጉድ አድርጎኛል፤ ስማኝ። አንተ መልስ እስክትሰጥ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሶርሳን፣ ንቀለው አልሁት። ነቀለው። ጎድጓዳውን ተቀበልሁት፤ ትሪዬን በምን እንደማጥብ ታውቃለህ፣ አመድና ሎሚ። ፈተግሁት። መጀመሪያ ዝገቱ ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። ጨምሬ ፈተግሁት። ከዚያ መስታወቱም ለቀቀ። ሥሩ ቢጫ ብረት ብቻ ቀረ። ሶርሳ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ እትዬ፣ አሁን ንጹሕ ነው፣ አለኝ። ሁለተኛውንም አብሬ ነበር የፈተግሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። እፍ ማለት ብቻ ነው የሚለው ደብዳቤህ ሲነበብልኝ የት ልግባ።

ኸይሩ አዘነልኝና ከሱቁ የሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ለቀመልን። በእንቁላል ነጭ እየለጠፍን ጎድጓዳውን አለበስነው። ሲበራ ብርሃኑ ወደ ሰማይ፣ ወደ ዛፍ፣ ወደ ሰው ቤት መስኮት ይሄዳል፤ ወደ መንገድ ብቻ አይሄድም። የጎረቤት ዶሮዎች የነጋ መስሏቸው ጮኹ።

ልኩን ይኸው። የፊተኛውን መስታወት በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ ደፍቼ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሬዋለሁ። የፖስታ ቤቱ ልጅ ይህ ክብ የምን ካርታ ነው ብሎ ያዘኝ። የዳለቻ ዓይን ነው አልሁት። ሶርሳ ሄዶ መስታወቱን አምጥቶ ክቡ ላይ ካላስቀመጠለት አላምንም አለ። አሁን እሱም በጉጉት ነው መልስህን የሚጠብቀው።

ልጁን የጠየቅኸኝን ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ወረቀቱ አለቀብኝ። ሣራ ደህና ናት፣ ትበላለች። አንተ ቶሎ በል።

አክስትህ ያለምወርቅ

---

ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፣

ለገና በዓል እንኳን አደረሳችሁ፤ ደብዳቤዬ ሲደርስ በዓሉ ቢያልፍም ምርቃቴ አያልፍም።

ገጠመ። ከዚህ በላይ የሚጻፍ ነገር የለኝም፤ ገጠመ። ለፈተና የምጠግነው አንድ አሮጌ የሶቪየት ጂፕ አለ፤ አገራችን ዋዝ የምንለው ዓይነት። የዱቄት ወረቀትዎን መብራቱ ላይ ባስቀምጠው በፀጉር እንኳ አይበልጥም፣ አያንስም። ኩርት መነጽሩን አውልቆ፣ አድርጎ፣ እንደገና አውልቆ አየው። ይህችን ሴት እዚህ አምጣልኝ፣ መሐንዲሶቼ እንዲህ አይለኩም፣ አለ። የአመዱን ነገር አልነገርሁትም፤ ክብርዎን ጠብቄያለሁ።

ከወዳደቀ ብረት መካከል የዚያኑ ዓይነት አንድ መብራት አገኘሁ። መስታወቱ ጤነኛ ነው። ጎድጓዳውን ለሚቀቡ ሰዎች ሰጥተን አዲስ አስቀባነው፤ ፊቴን አይቼ ተላጭቼበታለሁ። ሁለተኛው ጂፑ ላይ ያለው ነው። ኩርት ፈተናህን ጨርስና ግንቦት ላይ ትወስደዋለህ ብሎኛል።

ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ። ሀብተ ማርያም የሚባል ጓደኛዬ ትምህርቱን ጨርሶ ሰሞኑን አገር ቤት ይገባል። ሻንጣው ትንሽ ቦታ አለችው። አንዱን መብራት ለብቻው ከመላክ ግን ግንቦት ላይ ጥንድ አድርጌ ብልክ ይሻላል አልሁ፤ ሣራም እስከዚያ ጂንካ ትገባለች፣ ምን ያስቸኩላል። በዚያች ቦታ ለእህቴ ልጅ ሹራብ ልኬያለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ከፊቱ ሁለት ኪስ አለው። ዓመት ከመንፈቅ ያለው ልጅ ይለብሰዋል ተብሎ የተሠራ ነው፤ የኛ ልጅ እንደ ኤርጎ ግንደ ረጅም ከሆነ ግን አሁኑኑ ይሆነዋል።

ባለፈው ወረቀቱ አለቀብኝ ብለው ከሥሩ አራት ጣት ባዶ ትተዋል። ምነው አክስቴ፣ ስም ለመጻፍ አንድ ጣት ይበቃ ነበር።

ልጅዎ ፈለቀ

---

ጂንካ፣ የካቲት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ፈለቀ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ብቻህን አታንብበው። የአገርህን ልጆች ጥራ፤ ከጎንህ ሰው ይቀመጥ፤ ከዚያ ቀጥል።

ሹራቡ ከትናንት ወዲያ ደረሰ። ይዤው አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁና እስኪመሽ አልተነሣሁም። ልጁ የለም፣ ፈለቀ። ከተወለደባት ጠዋት አላለፈም።

ኅዳር 7 ቀን ነው፣ አምና፣ ቅዳሜ። ሶርሳ ለዲመካ ገበያ እህል ጭኖ ወርዶ ነበር። ሣራ ስምንት ወሯ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ምጥ ያዛት። ፀሐይ ስትጠልቅ ከኤርጎ ጋር ጫኗትና ወጡ። መብራቱ ያኔም እንዲሁ ነበር። ወደ ቀይ አፈር ከተማ ሲወጡ ያለውን የአሸዋ ወንዝ ታውቀዋለህ፤ ላይኛው አገር ዘንቦ ውኃ ወርዶበታል። ወዲያ ማዶ ያለው መውጫ አይታይም። ሶርሳ የእጅ ባትሪ ይዞ ውኃው ውስጥ እየገባ ፈለገ፣ ባትሪው አለቀበት። ከዚያ በኋላ ቁጭ አሉ። እስኪነጋ ቁጭ አሉ። ልጁ ጎህ ሲቀድ መጣ፣ ወንድ፣ ሙሉ ሰውነት፤ አላለቀሰም። ሲነጋ ውኃው ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። መውጫውም ፊት ለፊታቸው ነበር። ስም ሳይወጣለት እዚያው ከግራሩ ሥር ቀበሩት።

ሣራ በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ ነው ብዬ ጻፍሁልህ። ውሸት አልጻፍሁም፤ ቀሪውን ዋጥሁት። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ፈለቀ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ሲመጣ ሰው ተሰብስቦ ይነገረዋል ብለን ተመካከርን። ኤርጎም ተስማማ፣ ሣራም እሺ አለች። አያቶቻችን ያወጡት ወግ ነው፣ ክፉ ወግም አይደለም። እኔ ግን ወጉን ጠብቄ አንተን አሳሳትሁህ። ባወቅህ ኖሮ ሹራቡን ትተህ መብራቱን ትልክ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንተ ምንም አላጠፋህም።

ሹራቡን ለሣራ አላሳየኋትም። ሳጥኔ ውስጥ ነው። እሷ ስለዚያ ወንዝ አንድም ቀን አውርታ አታውቅም፤ ሶርሳም ቀን በቀን ሲያልፈው ዓይኑን ያዞራል።

አሁን ሁሉንም አውቀሃል። አልቅስ፣ እንባህን አትያዘው። ከዚያ ተነሥና ያንን አንዱን መብራት ላክልኝ። አንድ ዓይን ይበቃናል። ጥንድ አልፈልግም። ይህን ደብዳቤ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው በእጁ ሰጥቼ አዲስ አበባ እንዲያስገባው አስምዬዋለሁ።

አክስትህ ያለምወርቅ

---

ድሬስደን፣ የካቲት 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

አክስቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብቻዬን አላነበብሁትም። የማደሪያ ጓደኛዬ ሻንቆ አጠገቤ ነበር። ልጁ የለም የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ተቀብሎ የቀረውን እሱ አነበበልኝ። ማምሻውን የአገር ልጆች መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ፤ እንደ ወጉ ነው ያዘንሁት፣ በእኔ አይጨነቁ።

ልጁን የቀበረን ሰው ተንፈስ በል በሉልኝ ብሎ ሰው ይቀልዳል? ለኤርጎ ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ንገሩልኝ። እርስዎ ላይ ግን ትንሽ ተቆጥቻለሁ፤ ስንገናኝ ይወጣልኛል።

ጠዋት ለኩርት ነገርሁት። ካቻቪቴ አነሣ፣ ወደ ጂፑ ሄደ፣ መብራቱን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ፈተናዬስ ብለው፣ አንድ ዓይን ያለው ጂፕ ትፈተናለህ፣ እኔ ነኝ ፈታኙ፣ አለኝ።

ስለዚህ ሁለቱንም ልኬያለሁ። ለስብሰባ የመጣ ሰው ነገ ይመለሳል፤ ያሉኝን ሹራቦች ሁሉ ጠቅልዬባቸዋለሁ። ሲገጠሙ ዳለቻን ከነጭ ግድግዳ አሥር እርምጃ አርቃችሁ አቁሙት። የመብራቶቹን ቁመት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በከሰል አስምሩ፤ ብርሃኑ ከመስመሩ አራት ጣት ዝቅ ይበል። አመድ ግን አይቅረባቸው።

ፈለቀ

---

ጂንካ፣ መጋቢት 24 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈለቀ፣

እጅህ ይባረክ፣ የዚያ የሽማግሌውም እጅ ይባረክ። አጭር ነው የምጽፈው፤ አውሮፕላኑ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚመለሰው ይላሉ።

ዕቃህ የመጣው ትናንት ነው። የፖስታ ቤቱ ልጅ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ እየሮጠ ሜዳውን አቋረጠ፤ ላሞቹን የሚያባርረው ዘበኛ ከኋላው ይጮኻል። ኸይሩ ሱቁን ዘጋ። ስንከፍተው ሦስት ሹራብ፣ ፈለቀ ፈለቀ ፈለቀ የሚል። አንደኛው መብራት ደህና ነው። የሁለተኛው የፊት መስታወት ግን መንገድ ላይ ተሰብሯል። ጎድጓዳው ምንም አልሆነም።

እኔ ተቀምጬ ልተክዝ ስል ሶርሳ አሮጌውን መስታወት ይዞ መጣ፣ ያንን በጠጠር የተፈነካከተውን። እትዬ፣ እርስዎ የሳሉት ክብ አይደል የገጠመው፣ ክቡ የዚህ አይደል፣ አለ። እውነቱን ነው። መስታወቱን አመድ ነክቶት አያውቅም፣ በሳሙና አጠብነው። አዲሱ ጎድጓዳ ላይ ደፋው፤ ዙሪያውን ከሚይዘው ጎማ ጋር ልክ ገባ።

ማታ የኸይሩን የሱቅ ግድግዳ በከሰል አሰመርን። ሚስቱ መኪያ ኖራ የቀባሁት ትናንት ነው ብላ ተቆጣች፣ መብራቱ ሲበራ ግን እሷ ናት ከሁሉ በላይ እልል ያለችው። አዲሱ መስታወት ሩቅ ይወረውራል። የተፈነካከተው ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የመንገዱን ዳርና ዳር፣ ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን ሁሉ ያሳያል። ሶርሳ አራት ጊዜ አጠፋው፣ አራት ጊዜ አበራው። መብራቱን ግን በእጁ አልዳበሰም።

ቅዳሜ ሳምንት እኔው ራሴ አብሬ ወርጄ ሣራን አመጣታለሁ። ትምህርቱም ለፋሲካ ይዘጋል። እስከዚያ እንቅልፍ የለኝም፣ ደስታውም ፍርሃቱም እኩል ነው የያዘኝ።

አክስትህ ያለምወርቅ

---

ጂንካ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈለቀ፣

ይህንንም ሰው ሰብስበህ አንብበው፤ የደስታም ወሬ ሰው ይፈልጋል። ሴት ናት። ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ሣራም ደህና ናት።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቅዳሜ ዲመካ የደረስነው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሣራ የቤቷን መቃን ይዛ ቆማለች። ዕቃሽን አዘጋጀሽ ወይ ስላት፣ ዕቃውን ተይው፣ ጀምሮኛል፣ አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሲቀራት። ኤርጎ ፊቱ ላይ ደም የለም። ወዲያው ፍራሽ አንጥፈን ከኋላ አስገባናት። ዝናብ አርግዞ ሰማዩ ተደፍኗል። ገና ከከተማው ሳንርቅ ጨለመ፤ ሶርሳ አበራው።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃ ወርዷል። ሶርሳ ፍሬን ያዘ። ውኃው ሲጮኽ ይሰማል፤ ግራሩም ከብርሃኑ ዳር ይታያል። ሣራ ያኔ እጄን ይዛ፣ እዚህ አታቁሙኝ፣ አለች። በዓመት ከመንፈቅ ስለዚያ ቦታ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ሶርሳ ረጅሙን መብራት አበራ። ወዲያ ማዶ፣ አፈሩ ላይ፣ የጭነት መኪና ጎማ የወጣበት ሁለት መስመር ቁልጭ ብሎ ታየ። ያኛው አሮጌ መስታወት ደግሞ እግራችን ሥር ያለውን ውኃ አሳየን፤ የት እንደሚፈስ፣ የት ድንጋይ እንዳለ። ሶርሳ በዝግታ ገባ። ውኃው በሩን ነካ፣ እግራችን ራሰ። ወጣን። ኤርጎ ማልቀስ የጀመረው ከወጣን በኋላ ነው።

ጂንካ አምስት ሰዓት ላይ ገባን። በዚያ ሰዓት የከተማው ጄኔሬተር ይዘጋል፤ ሐኪም ቤቱ በፋኖስ ነው። ሶርሳ ሳይጠይቅ ዳለቻን አዙሮ ፊቱን ወደ ማዋለጃው መስኮት አደረገው። አዋላጇ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ከዚያ በብርሃኑ እጇን አየችና፣ እንዳያጠፋው፣ አለች። ሞተሩ እየሠራ ሁለት ሰዓት ቆመ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ በዳለቻ መብራት መጣች። ጮኸች። ሶርሳ መሪውን ይዞ እዚያው አንቀላፍቶ ነበር፣ በጩኸቷ ነቃ። ጠዋት ነዳጅ አልቆበት ኸይሩና ጎረቤቱ እየገፉ ቤት አስገቡት።

ትናንት ሳጥኔን ከፈትሁና ሹራቡን ለሣራ አወጣሁላት። ለማን እንደተገዛም ነገርኋት። ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አላስቆምኋትም፣ ያ እንባ ዕዳ ነበረ። ከዚያ ልጅቷን ጠቀለለችበት። እጅጌው ከእግሯ በታች ይወርዳል።

ስሟን አንተ አውጣ ብላለች። ያኔ አራት ጊዜ ጠይቀህ ዝም ያልንህን ማካካሻ ነው። መልስህ እስኪመጣ ልጅቱ ብለን እንጠራታለን፤ ስለዚህ አሁንም ቶሎ በል።

አክስትህ ያለምወርቅ

---

ድሬስደን፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣ ለእህቴ ለሣራ፣ ለወንድሜ ለኤርጎ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ሣራዬ። በቤታችን እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሻንቆ ደብዳቤው ሲነበብ ጮክ ብሎ ያለው ይህን ነው፣ እኔም ሌላ ቃል ጠፋኝ። ሰው ሰብስቤ ነው ያነበብሁት። ኩርትም ነበር። ያ አሮጌ መስታወት ጋ ስደርስ ድገመው አለኝ፤ ደገምሁለት። ፈተናዬን አንድ ዓይን ባለው ጂፕ አልፌያለሁ።

የልጅቷ ስም ታየች ይሁን። ከወደዳችሁት ነው። ካልወደዳችሁት እናንተ ቀይሩት፣ አልቀየምም።

አንድ ነገር ግን አለ። ያኔ ስሙን ስጠይቅ ዝም ስትሉኝ፣ እኔው አወጣለሁ ብያችሁ ነበር። አውጥቼለትም ነበር። ዓመቱን ሙሉ በልቤ በዚያ ስም ስጠራው ኖሬያለሁ፤ ለሻንቆ ሳወራ፣ ሹራቡን ስገዛ፣ በዚያው ስም ነበር። አክስቴ ስም ሳይወጣለት ብለው የጻፉትን ካነበብሁ ወዲህ ልነግራችሁ እፈልግ ነበር፤ ድፍረት አጣሁ።

ሹራቡን ስታጥቡ አንገቱን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ እዩት። እዚህ እንደምናደርገው በነጭ ክር ሰፍቼዋለሁ። ተገኝ ይላል።

ፈለቀ